ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት በእግራቸው እንዲሄዱና የበሩ መጨናነቅ እንዲቀንስ በጅማ ምን ማድረግ እንችላለን?

ጥያቄ፦ የኮቺ ሰፈር እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ታላቁ አምስተኛ ክፍል ነው፣ ታናሿ ደግሞ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤታቸው በእግር ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ይሁን እንጂ እስካሁን የሚመላለሱት በወር ኮንትራት በያዝንላቸው ባጃጅ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ በበሩ ላይ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከጠዋቱ 1፡40 እስከ 2፡00 ሰዓት ድረስ ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉና የግል መኪናው እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣ አንዱ ልጅ ሲያወርድ ሌላው ወደ ኋላ ሲመለስ፣ በእግራቸው የመጡት ልጆች በመካከል እየተሽሎኮሎኩ ይገቡ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ ኋላ በመጣ ባጃጅ ተገፍታ ወደቀች። ጉልበቷ ከመላጡ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰባትም፤ ነገር ግን የእኔ ልጆች የተሳፈሩበት ባጃጅም የዚያ ትርምስ አካል እንደነበር ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጆቼን በእግር ለመላክ እፈልጋለሁ፤ መንገዱን ግን እፈራለሁ። ከእናንተ መካከል ይህን የሞከረ ካለ እንዴት እንደጀመረ፣ በስንት ዓመት ልጁን ብቻውን እንደለቀቀ፣ የከተማችንንም ዝናብ እንዴት እንደተወጣው ቢነግረኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ጡረተኛ መምህር

እህቴ፣ በዚህች ከተማ ለብዙ ዓመታት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ ያዩትም ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ወላጅ መንገዱን ስለሚፈራ ልጁን በባጃጅ ይልካል፤ ባጃጁ ሲበዛ መንገዱ ይበልጥ ያስፈራል፤ ትናንት ልጁን በእግሩ ያደርስ የነበረው ጎረቤትም ዛሬ ኮንትራት ይይዛል። ይህን ማቆም የሚቻለው ተሽከርካሪውን ከበሩ በማራቅና ልጆቹ በቡድን እንዲሄዱ በማድረግ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ይህን ያስተማረን ሰው አልነበረም፤ የሰፈሩ ልጅ ከየደጁ እየተጠራራ ይወጣል፣ ታላቁም የታናሹን እጅ ይዞ ይሄዳል። አውስትራሊያዊው ዴቪድ ኢንግዊክት በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) «የእግር አውቶቡስ» ብሎ ያስተዋወቀው ሐሳብም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ አንድ ወይም ሁለት አዋቂዎች በታወቀ ሰዓትና በታወቀ መንገድ እየሄዱ፣ በየመገናኛው የሚጠብቋቸውን ልጆች እየጨመሩ እስከ ትምህርት ቤቱ ያደርሳሉ።

ስለ ዕድሜ ለጠየቁት፣ ልጆች አሥር ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው ድረስ የሚመጣውን ተሽከርካሪ ፍጥነትና ርቀት አመዛዝኖ መወሰን ያዳግታቸዋል። ስለዚህ ታናሿን ከወንድሟ ጋር ብቻ መላክ ለእርሱም ከባድ ሸክም ነው፤ አዋቂ ሊኖር ይገባል። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለቱም ጋር መንገዱን በዝግታ ይሂዱበት፤ መሻገሪያ የሚበዛበትን መንገድ ትተው፣ ጥቂት ቢያስረዝምም መሻገሪያው የሚያንስበትን ይምረጡ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ ግራን ይዞ መሄድ የሚገባው የሚመጣውን ተሽከርካሪ ፊት ለፊት ለማየት መሆኑን ምክንያቱን ጭምር ያስረዷቸው፤ ልጅ ምክንያቱን የሚያውቀውን ነገር አይረሳም።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልጨምር። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ደግሞ 14 ሜትር ገደማ። የሚሸከመው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በ50 የሚመጣው በ30 ከሚመጣው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይዞ ነው የሚመታው። በትምህርት ቤት አካባቢ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራ የምንወተውተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ 2፦ የባጃጅ አሽከርካሪ

ጽሑፋችሁን አነበብኩ፤ ልጆች ከሚያመላልሱት አንዱ ስለሆንኩ የማውቀውን ልናገር። በበሩ ላይ ለመቆም የምንሻማው እኛ ስለምንወደው አይደለም። ወላጁ ስንዋዋል «በር ላይ አውርድልኝ» ይላል፤ መቶ ሜትር ቀደም ብዬ ባወርድ ማታ ስልክ ይደወልልኛል። በሩ ድረስ ከገባሁ በኋላ ግን ከፊቴም ከኋላዬም ባጃጅ ስለሚቆም ለመውጣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ሥራ እሠራበት ነበር። ወደ ኋላ ስመለስ ደግሞ ሸራው ስለሚጋርደኝ፣ ቁመቱ ከወንበሩ የማያልፍ ልጅ ከኋላዬ ቢቆም ላየው አልችልም። ይህን የምለው በሐዘን ነው፤ እህቴ የጻፈችው ዓይነት ነገር በእኔ ላይ እንዳይደርስ በየቀኑ እጸልያለሁ።

ትምህርት ቤቱና ወላጆች ተስማምተው ከበሩ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቆ አንድ የማውረጃ ቦታ ቢወስኑ፣ ከባልደረቦቼ የሚቃወም አይኖርም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሁላችንም እኩል መከልከል አለብን፤ የግል መኪና እየገባ ባጃጅ ብቻ የሚከለከል ከሆነ ሥርዓቱ በሁለት ቀን ይፈርሳል። ቤታቸው ሩቅ የሆኑ ልጆች አሉና ኮንትራቱ ፈጽሞ ይቅር አልልም፤ ሃያ ደቂቃ የሚሄድ ልጅ ግን በእግሩ ቢሄድ፣ እንጀራዬን ነካ ብዬ አላዝንም።

መልስ 3፦ የሦስት ሴት ልጆች አባት

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ከሚገባው በላይ ቀላል ተደርጎ እንዳይቀርብ እሰጋለሁ። እኛ በምንኖርበት በኩል የጎርፍ መውረጃው ዲች በብዙ ቦታ ክዳን የለውም፤ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሞልቶ ከመንገዱ ጋር ስለሚተካከል ልጅ የመንገዱን ዳር ሊለይ አይችልም። መንገዳቸው የአዌቱን ወንዝ የሚያሻግር ልጆችማ ድልድዩ ላይ ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ ነው የሚያልፉት። በማለዳ የሚንጋጉት ውሾችም አሉ። እኔ 2፡00 ሰዓት ላይ ሥራ መግባት አለብኝ፤ ልጆቹን በእግር አድርሼ በሰዓቱ ልደርስ አልችልም። እነዚህን ሳንመልስ «በእግር ላኩ» ማለት ለወላጁ ጥፋተኝነትን ብቻ መጨመር ይሆንብኛል።

መልስ 4፦ ጡረተኛ መምህር

ወንድሜ፣ ያነሱት ሁሉ እውነት ነው። ሰዓቱን በተመለከተ ግን በየቀኑ እርስዎ እንዲሄዱ አይጠበቅም። በአንድ ሰፈር አምስት ቤተሰብ ቢስማማ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ቀን ይደርሰዋል፤ እንደ እኔ በጡረታ ያለ ሰው ከተጨመረበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በእድርና በማኅበር ተራ ለመግባት የለመድን ሰዎች ነንና ይህ አይከብደንም። ዲቹን በተመለከተ፣ ክዳን የሌለባቸውን ቦታዎች ፎቶ አንስቶና ቦታውን ለይቶ በብዙ ወላጆች ፊርማ ለቀበሌ ማቅረብ አንድ ሰው በቃል ከሚያሰማው አቤቱታ የበለጠ ይሰማል።

መልስ 5፦ የጤና ባለሙያ

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ጠንከር ባለ ሁኔታ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። የእህታችን ልጆች ሃያ ደቂቃ ሄደው ሃያ ደቂቃ ቢመለሱ፣ ፈጠን ብለው እስከተራመዱ ድረስ ከዚህ ውስጥ 40ውን በመንገድ ላይ ያገኙታል። በሌላ በኩል ግን በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ ትራፊክ አደጋ ስለሆነ፣ የአባትየው ስጋት ተገቢ ነው፤ መንገዱን ሳናስተካክል ልጁን ብቻ መምከር አይበቃም። በዳሬሰላምና በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የእግረኛ መንገድ፣ ጉብታ፣ ዜብራና ምልክት በመሥራት የተካሄደው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቷል። ሥራዎቹ ግዙፍ ግንባታን የሚጠይቁ አልነበሩም።

ዝናቡን በተመለከተ፣ ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል የምታገኝ ከተማ ስለሆነች ዝናብ እስኪያቆም የሚጠብቅ ሰው አይጀምርም። ለልጆች ከዣንጥላ ይልቅ ቆብ ያለው የዝናብ ልብስ እመርጣለሁ፤ ዣንጥላ ዕይታቸውን ይጋርዳል፣ አንድ እጃቸውንም ይይዛል። ቀለሙ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቢሆን በጭጋጋማ ጠዋት አሽከርካሪ ከሩቅ ያያቸዋል። ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልለው በቦርሳቸው ይያዙላቸው።

የኮቺ እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር ቡና ላይ ተነጋግረን ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ለመሞከር ተስማምተናል፤ ሰባት ልጆች ናቸው፣ 1፡20 ላይ ከእኛ በር ይነሳሉ። የእኔ ተራ ሰኞና ሐሙስ ነው። ለጊዜው በጠዋት ብቻ እንጀምራለን፤ የመመለሻውን ኮንትራት እስከ ወሩ መጨረሻ አላቋረጥኩም። የማውረጃ ቦታ እንዲወሰን የሚጠይቀውን ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አዘጋጅተን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ እናቀርባለን፤ አሽከርካሪው ወንድማችን የግል መኪናም እኩል ይከልከል ያለውን በመጀመሪያው አንቀጽ አስገብቼዋለሁ። መምህር፣ ፈቃድዎ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት መንገዱን ስናይ አብረውን ቢሄዱ ደስ ይለናል።