ዕቃ እያጠቡ መጸለይ፦ ጸሎት ነው ወይስ ማሳበቢያ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንዲት እህታችን «ቁጭ ብዬ መጸለይ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ዕቃ ሳጥብ፣ ልብስ ሳጣጥፍ ግን እግዚአብሔርን አገኘዋለሁ» ብላ ጽፋ ነበር። ግማሹ አሜን አለ፣ ግማሹ ተቆጣ። እስቲ ተከራከሩበት። ስድብ የለም።

ተቃዋሚ፦ እኔ ከተቆጡት ነኝ። ሥራ ሥራ ነው፣ ጸሎት ጸሎት ነው። ጌታ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፣ ለብቻው ምድረ በዳ ሄዶ ይጸልይ እንደነበር ማርቆስ 1፥35 ላይ ተጽፏል። ሥራ ፈትቶ ነው? በዋዜማው ከተማው በሙሉ በር ላይ ተሰብስቦበት ነበር እኮ። እኛ ግን «በልቤ እጸልያለሁ» እያልን ስልክ ስንነካካ እናመሻለን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ማለቴ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦ በስልኩ ነገር እጄን ሰጥቻለሁ። ግን የአባ እንጦንስን ታሪክ አስታውስ። በግብፅ በረሃ ተሰላችተው ሳሉ አንድ ሰው ያያሉ። ቁጭ ብሎ ገመድ ይጎነጉናል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ደግሞ ቁጭ ብሎ ይጎነጉናል። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አላቸው። ሥራው ከጸሎቱ ጋር አብሮ ነው የሄደው።

ተቃዋሚ፦ የራስህን ምሳሌ ደግመህ አንብበው። መልአኩ ለጸሎት ተነሥቷል! ገመዱን እንደያዘ አልጸለየም።

የሌሊት ተረኛ፦ ይቺን አላየኋትም።

የሰንበት ትምህርት አስተማሪ፦ ወንድም ሎውረንስንም እንጨምር። ፓሪስ በሚገኝ ገዳም ወጥ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1691 ያረፈ መነኩሴ ነው። ለእሱ የድስቱ ጩኸትና የጸሎት ሰዓቱ ልዩነት አልነበራቸውም። ሰዎች ይህን ይወዱለታል። የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ብዙ እንደተሠቃየበት መጻፉን ግን ማንም አያነሳም። እዚያ የደረሰውም ማኅበሩ አንድ ላይ በሚጸልይበት ገዳም ውስጥ እየኖረ ነው። ስለዚህ እኔ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል ባይ ነኝ።

አስታማሚ፦ ትናንት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ፎጣ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ እጨምቃለሁ። መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ እጆቿን። ግራ እጇን ጨብጣ ስለምትይዝ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ አለብኝ። በየጣቱ አንድ «ጌታ ሆይ ማረን» እላለሁ። አምስት መሆኑ ነው። አንዳንድ ቀን ሦስተኛው ላይ ሐሳቤ ወደ መድኃኒቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ደግሞ እንቅልፍ አጥቼ አድሬ ስለነበር ጣቷን በንዴት ሳብኩት። አመማት። «ይቅር በይኝ እማዬ» ስል ለእሷ ልበል ለእግዚአብሔር እኔም አልለየሁትም። ይህን ማሳበቢያ ካላችሁት በሉት።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ ይቅርታ። አንቺን ማለቴ አልነበረም፤ ጊዜ እያለው ለሚያመካኝ ነው፣ ለራሴም ጭምር። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ድሮ ቁጭ ብለሽ የጸለይሽበት ጊዜ ባይኖር ኖሮ፣ ያ «ጌታ ሆይ ማረን» ዛሬ ከየት ይመጣልሽ ነበር?

አስታማሚ፦ ከእሷው ነው። ልጅ ሆኜ ጠጉሬን ስታበጥረኝ፣ በየቋጠሮው ትለው ነበር። ተንበርክካ ስትጸልይም አይቻታለሁ፣ አልክድህም። ውስጤ የቀረው ግን የማበጠሪያው ነው።

የሌሊት ተረኛ፦ አሁን ምን ትላለህ?

ተቃዋሚ፦ ነገ እመለሳለሁ። ተሸነፍኩ እንዳትሉ ብቻ።