የማደንዘዣው ዓይነት ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል?

ጥያቄ፦ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ እኅቴ በግራ ጡቷ ካንሰር ተገኝቶባት በመጪው ሳምንት ሐረር ላይ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል፤ ጡቷ ይነሣል፣ ከብብቷም ንፍፊቶች ይወጣሉ። በትንፋሽ የሚሰጠው ማደንዘዣ ካንሰርን የሚዋጉ ሴሎችን እንደሚያዳክም፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፕሮፖፎል ግን እንደማይጎዳ አንድ ዘመዳችን አንብቦ ስለነገረን ቤተሰቡ በሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ቀጠሮው ተራዝሞ አዲስ አበባ ትሂድ ይላል፤ እርሷ ደግሞ «ወደ ሐረር የሚያስወጣውን የደንገጎን ዳገት ከወጣሁ ይበቃኛል» ብላለች። ነገሩ ምን ያህል እውነት ነው?

መልስ፦ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ሐረር

እግዚአብሔር ይማርልዎ። ዘመድዎ ያነበበው መሠረት የሌለው አይደለም። ከነጭ የደም ሴሎቻችን መካከል «ናቹራል ኪለር» የሚባሉት ከዕጢው አምልጠው በደም የሚዞሩ የካንሰር ሴሎችን አሳደው ይገድላሉ፤ በላቦራቶሪ ሲታይ እንደ ሴቮፍሉሬንና ሃሎቴን ያሉት በትንፋሽ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች፣ እንዲሁም የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን፣ የእነዚህን ሴሎች ጉልበት ሲቀንሱ ፕሮፖፎል በአንጻሩ ብዙም አይነካቸውም። ነገር ግን ሰውነትን ይበልጥ የሚያዳክመው ቀዶው ራሱ ነው፤ ቁስሉ፣ ሕመሙና ብርዱ ኮርቲሶልና አድሬናሊን የሚባሉትን የጭንቀት ሆርሞኖች ስለሚያስነሡ መከላከያው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወርዶ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ዋናው ጥያቄ ይህ የቀናት መዳከም ካንሰሩ እንዲያገረሽ ያደርጋል ወይ የሚለው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» መጽሔት ላይ የወጣ፣ በ8 አገሮች ከ2,000 በላይ ሴቶችን የያዘ ጥናት አንዱን ወገን በፕሮፖፎልና ከአከርካሪ አጠገብ በሚወጋ የነርቭ ማደንዘዣ፣ ሌላውን በሴቮፍሉሬንና በሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ አስተኝቶ ሲከታተል፣ ካንሰሩ ያገረሸባቸው በሁለቱም ወገን 10 በመቶ ያህል ነበሩ። ስለዚህ ለመድኃኒቱ ስም ብሎ ቀጠሮ ማራዘምን እኔ አልመክርም።

መልስ፦ ከሳቢያን

እኔ ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ። የተሰጠኝ እንደ ወተት የነጣው መርፌ ነበር፤ ክንዴን ሲያቃጥለኝ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አላውቅም። የምመክራችሁ ጋቢ እንድትይዙ ነው፤ የድሬ ሰው ብርድ ስለማያውቅ የቀዶ ክፍሉ ቅዝቃዜ እጅግ ያስደነግጣል። ሕመሙንም «ልቻለው» ብዬ ሁለት ሌሊት ዋጥ አድርጌ ተሠቃየሁ፤ እኅታችሁ እንዲህ አታድርግ፣ ሲያማት ወዲያው ትናገር።

ጥያቄ፦ ከከዚራ

እናመሰግናለን። ከቀዶው አስቀድሞ ለማረጋጊያ የሚሰጠው መድኃኒትስ?

መልስ፦ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ሐረር

እንደ ሚዳዞላም ያለው ማረጋጊያ በትንሽ መጠን የሚሰጥና በሰዓታት ውስጥ የሚወጣ በመሆኑ አያስጨንቃችሁ። ዴክስሜዴቶሚዲን የሚባለው እንዲያውም የጭንቀት ሆርሞኖችን ዝቅ አድርጎ የሞርፊንን ፍላጎት ይቀንሳል፤ ሆኖም የልብ ምትንም ስለሚያዘገይ ክትትል ይፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የደም ማነስ እንዳለባት አሁኑኑ ይታይ፣ ምክንያቱም በዚያ የተነሣ ደም መቀበል በራሱ መከላከያን ይጫናል። ጫት የምትቅም ከሆነም ሳትደብቅ ለባለሙያው ትንገረው፤ የደም ግፊትና የልብ ምት ስለሚያንር ማደንዘዣውን ስናዘጋጅ ማወቅ አለብን።