ዘመድ ሳላስቀይም እንዴት ልቀንስ?

እባካችሁ ምከሩኝ። በገና ጾም 4 ኪሎ ቀንሼ፣ ሱሪዬ ሁሉ ሰፍቶኝ ነበር። ታኅሣሥ 29 ጠዋት ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ግን ነገር ተበላሸ። ከዚያ ክትፎው፣ ድፎ ዳቦው፣ ጠላው፣ እኔ ደግሞ በቃኝ ማለት አልችልበትም፣ ብልስ ማን ይሰማኛል! ትናንት አክስቴ ቤት «ጠግቤያለሁ» ስላት «በሞቴ!» ብላ ግማሽ እንቁላል ከነሥጋው ጠቅልላ አጎረሰችኝ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ደግሞ ተደገመ። እምቢ ካልኩ ታኮርፋለች። ጥምቀት ሊደርስ 5 ቀን ቀርቶት 2ቱ ኪሎ ተመልሷል። ጠዋት ልሩጥ ብዬ እነሳለሁ፣ ሆዴ ከብዶኝ ተመልሼ እተኛለሁ። ለጥምቀት ገና 3 ቤት ተጠርቻለሁ። ቤቴ ሽሮ በልቼ ብሄድ ይሻላል ወይስ ቁርስ ልዝለል? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።