ቶርክ ወይስ የፈረስ ጉልበት? ግራ ገብቶኛል

ሰላም፣ የሞተር ነገር የሚገባችሁ እስቲ እርዱኝ። ያገለገለች ስፖርት መኪና ልገዛ ብዬ ሁለቱ መሀል ተወጥሬያለሁ።

አንዷ የመጀመሪያዋ ሆንዳ ኤስ 2000 ናት። 2.0 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የላትም። አሜሪካ የተሸጠችው 240 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ግን በደቂቃ 8,300 ዙር ላይ ነው። ቶርኳ (ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል) 207 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ፣ እሱም 7,500 ዙር ላይ። ሌላዋ ሰባተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ናት። የሞተሯ መጠን ያው 2.0 ሊትር ነው። በቱርቦው ግን ከ1,500 ዙር ጀምሮ 350 ኒውተን ሜትር ትሰጣለች። የፈረስ ጉልበቷ ከሆንዳዋ ያንሳል።

ሂሳቡ አልጠፋኝም። ቶርኩን በዙሩ አባዝቶ ለ9,549 ማካፈል ጉልበቱን በኪሎዋት ይሰጣል። ጓደኛዬ ደግሞ «የሚገፋህ ቶርክ ነው» ብሎ ሙጭጭ ብሏል (እሱ ቶርክ የሚበዛውን ናፍጣ ነው የሚነዳው፣ ምን ይበል!)።

ያልገባኝ ይሄ ነው። ቶርክ ጎማ ላይ የሚደርሰው በማርሽ ተባዝቶ ነው። ሆንዳዋ ብዙ ስለምትዞር ማርሿ አጭር (ማለትም ቶርኩን ይበልጥ የሚያባዛ) ሊሆን ይችላል። ታዲያ የ350ው ብልጫ የት ጋ ነው የሚታየው? ማርሽ ሳይቀንሱ ለመቅደም ብቻ ነው? ዕለት ተዕለት ትራፊክ ውስጥ ለሚነዳ ሰውስ የትኛውን ቁጥር ልይ?