ቦቶክስ በጸጉር ቤት? ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የጎረቤቶች የስልክ ግሩፕ የተወሰደ ክርክር

የብሎክ 9 ልጅ፦ ታክሲ ማዞሪያው ጋ ያለው የውበት ሳሎን በር ላይ የተለጠፈውን አያችሁ? «ቦቶክስ ጀምረናል። የፊት መሸብሸብን ለዘላለም ያጠፋል» ይላል። ጸጉር በሚተኮስበት ወንበር ላይ መርፌ! ለመሆኑ ማን ፈቀደላቸው?

ቤቲ፦ ጀመራችሁ ደግሞ። ሰው በገዛ ፊቱና በገዛ ብሩ ምን አገባችሁ? ትንሽ መርፌ ናት እኮ።

ሲስተር፦ ትንሽ መርፌ? ቤቲዬ፣ ለቅንድብ መሃል ብቻ 5 ቦታ ነው የሚወጋው፤ በድምሩ 20 ዩኒት። ውስጡ ያለው ቦቱሊኒየም የሚባል መርዝ ነው። ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። መርዙ ነርቩ ጫፍ ላይ ገብቶ ያ ኬሚካል እንዳይለቀቅ ያግዳል። ጡንቻው ይላላል፣ ከላዩ ያለው ቆዳም መጨማደዱን ይተዋል። «ለዘላለም» ያሉት ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ነርቩ መልሶ ሥራውን ይጀምራል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ቢቆይ ነው።

ጋሽ ታዴ፦ መርዝ! ሰማችሁ አይደል? ከፍለው መርዝ!

ቤቲ፦ ጋሼ፣ አሜሪካ በ1989 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የፈቀደችው ለዓይን ሕመም ነው፤ ለመንሸዋረር ጭምር። ለፊት መስመር የተፈቀደው በ2002 ነው። ለማይግሬንም ይሰጣል። ዋናው መጠኑ ነው። እርስዎ በየቀኑ የሚውጡት የደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪንም እኮ መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ነበር።

ጋሽ ታዴ፦ የኔን መድኃኒት እዚህ አውጪ ማን አለሽ?

የብሎክ 9 ልጅ፦ ቤቲ ነውር ነው። መልእክቱን አጥፊው።

ቤቲ፦ እውነት ስለሆነ ነው የቆረቆራችሁ።

ሚኪ፦ ከንፈር የሚያሳብጠው እሱ ነው?

ሲስተር፦ ያ ፊለር የሚባል መሙያ ነው ሚኪ፣ ሌላ ነገር። ቦቶክስ አይሞላም። ሳትኮሳተሪም ፊትሽ ላይ ተሰምሮ ለቀረ መስመርም ብዙ አይረዳም።

ሚኪ፦ እኔን ወንዱን «ሳትኮሳተሪ» አልሽኝ እንዴ ሲስተር?

ሲስተር፦ ለቤቲ ነው!

የማርታ እናት፦ እኔ የምለው፣ እዚህ መብራት ውሎ ያድራል እንዴ? ሲስተር፣ ፍሪጅ አይፈልግም?

ሲስተር፦ አዎ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ዱቄቱ በሳላይን፣ ማለት በንጹሕ የጨው ውሃ ተበጥብጦ ነው የሚወጋው። በጥባጩ መጠኑን ከሳተ ወይም ቦታውን ካልለየው የዓይን ቆብ ይወርዳል። ለሳምንታት አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትዞሪው። ማርከሻ ወግተው አይመልሱትም፤ እስኪለቅ መጠበቅ ነው። «ትንሽ መርፌ» ያልሽው ይሄን ነው።

ቤቲ፦ ሳሎኑ ጄኔሬተር አለው። እንደኛ ኮሚቴ የጄኔሬተር መዋጮ በልቶ ዝም አላለም።

የብሎክ 9 ልጅ፦ ማነው የበላው? ሂሳቡ ደረጃው ሥር ተለጥፏል፣ ሄደሽ አንብቢ።

የማርታ እናት፦ ተለጥፎ ዝናብ አጠበው እኮ።

ሚኪ፦ ጄኔሬተሩ ከመጣ የውሃው ፓምፕም ይታሰብበት። 4ኛ ፎቅ ውሃ አይወጣም።

ሲስተር፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። የሚወጋው ሐኪም ነው ወይስ ጸጉር ሠሪዋ?

ቤቲ፦ ሠልጥናለች።

ሲስተር፦ የት? ስንት ቀን?

ቤቲ፦ ምርመራ ነው እንዴ? ለቅዳሜ ተመዝግቤያለሁ፣ አለቀ።

ሲስተር፦ እንግዲያው ጠርሙሱ ፊትሽ ይከፈት። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ጭራሽ እንዳትሞክሪው።

የማርታ እናት፦ ውይ ቤቲ! እውነት ነው እንዴ?

ቤቲ፦ ማን አለ?! ሲስተር፣ አየሽ የምታመጪብኝን ወሬ?

ጋሽ ታዴ፦ ዋርፋሪን ያልሽው አሁንም አልጠፋም።