የጋራ የውሃ ጉድጓድ ረቂቅ፦ በየግቢው ወይስ አንድ ላይ?

ጸሐፊ፦ ጀማዓ፣ እሁድ እድር ላይ የጀመርነውን እዚህ እንጨርስ። የመጀመሪያው ረቂቅ «አቅም ያለው አባል በግቢው ያስቆፍር፤ ማኅበሩ ሪግ (የመቆፈሪያ ማሽን) ባንዴ ተከራይቶ ያምጣ» ይላል። ሪጉ አንዴ ከመጣ ስድስት ግቢ ማስቆፈር ይረክሳል ነው ነገሩ። ማሻሻያ ያለው ይጻፍ።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦ አቦ እኔ አልስማማም። አንድ ጋን ውስጥ ስድስት ቅል ነው የምትነክሩት። ጋኑ ሲጎድል አጭር ቅል የያዘው ይቀራል። የሐረማያን ሐይቅ አላየንም እንዴ? ሐረር ከሱ ትጠጣ ነበር፤ ሲደርቅ ውሃዋ ከኛ ከድሬዳዋ ቆላ ሽቅብ በቧንቧ ይገፋላት ጀመር።

ጂኦሎጂ የተማረችው፦ ጋሼ፣ ያልከው ልክ ነው (ድሬ ነን፣ አንቱታ የለብኝም)። እኔ ደግሞ ከሥራችን ያለውን ልናገር። ላይኛው ጎርፍ ከተራራው ያወረደው አሸዋና ጠጠር ነው። ከሱ በታች አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ሲሚንቶ ፋብሪካው የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ሌላ አሸዋ ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ እጅግ ጥንታዊው አለት። ቦታ ቦታ ላይ ባሳልት ይገባል። ችግሩ ግን ድሬ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ መሆኗ ነው፤ መሬቱ ተሰንጥቆ ሽፋኖቹን እንደ ደረጃ ወደ ሰሜን አውርዷቸዋል። ጎረቤት ስላገኘ እኔም አገኛለሁ አይባልም፤ በመካከላችሁ ስንጥቅ ካለ የምትቆፍሩት ሌላ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ራሱ ውሃ አይዝም፣ የሚይዘው ስንጥቁና ዋሻው ነው። ዘመዴ ስንጥቁን ስቶ ነጭ ዱቄት ብቻ አወጣ። ቆፋሪው የሚከፈለው በሜትር ነው፤ ደረቅ ሆነ እርጥብ አይገደውም። ስለዚህ ሪግ ከመጥራታችን በፊት በኤሌክትሪክ የመሬት ጥናት ይደረግ።

ሱቅ ያለው፦ ታዲያ ደቻቱ ወንዝ ዳር አሸዋው ላይ ብንቆፍርስ? ቅርብ ነው፣ ይረክሳል።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦ 1998 ክረምትን ረሳኸው? ወንዙ ሌሊት መጥቶ ቤቱን ከነሰው ጠረገ። አንተ ፓምፕ ልትተክልበት?

ነርሷ፦ ጎርፉ ይቅር፣ እኔን የሚያስፈራኝ ሽንት ቤታችን ነው። በየግቢው የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ፣ ላይኛው አሸዋ ደግሞ ያሳልፋል። በከተማችን የውሃ ጉድጓዶች ናይትሬት (ከሽንት ቤት ቆሻሻ ሰርጎ የሚገባው ጨው) ከፍ ብሎ መገኘቱ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ አደጋው በጡጦ ለሚመገብ ሕፃን ይብሳል። «አፍልተን እንጠጣለን» እንዳትሉኝ። ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያከማቸዋል። ጀበናችንን ነጭ የሚያለብሰው ኖራ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ጂኦሎጂ የተማረችው፦ ልክ ናት። ላይኛው ክፍል በኬሲንጉ (ጉድጓዱ ውስጥ በሚገባው ቧንቧ) እና በመሬቱ መካከል በሲሚንቶ መታሸግ አለበት። ቆፋሪዎች ቶሎ የሚዘሉት ይሄን ነው፤ ውል ውስጥ በስሙ ይጻፍ። የፓምፕ ሙከራውም ቢያንስ 24 ሰዓት ይሁን። አንድ ሰዓት ፓምፕ አድርጎ «በቃ፣ ፈሰሰ!» ማለት ሙከራ አይደለም።

ሱቅ ያለው፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ሮቶው የማን ግቢ ይቀመጣል? መብራት ሲጠፋስ?

ጸሐፊ፦ ሁለተኛ ረቂቅ፦ «አንድ የጋራ ጥልቅ ጉድጓድ፤ አስቀድሞ የመሬት ጥናት፤ ላይኛው በሲሚንቶ ይታሸግ፤ ናይትሬትና ባክቴሪያ ሳይመረመር ማንም አይቅዳ፤ በየቤቱ ቆጣሪ።» ፈቃድ እንጠይቃለን፣ በአዋጅ 197/1992 ያለ ፈቃድ የሚቆፈረው በእጅ የሚቆፈር ብቻ ነውና። ለጉድጓዱም ለሮቶውም የእድሩ ዕቃ ቤት ጓሮ ታስቧል።

ነርሷ፦ የእድሩ ሽንት ቤት እኮ እዚያው ጓሮ ነው!

ጸሐፊ፦ ወላሂ ረስቼው! ሮቶው እዚያ ይሁን፤ ጉድጓዱ ግን አይሆንም። ነገ ከሰዓት፣ ከበርጫ በፊት፣ ሜትር ይዘን ሽንት ቤቶቹን ሁሉ እንለካለን። ረጅም ሜትር ያለው ማነው?

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦ እኔ ጋ አለ፣ 50 ሜትሩ። ግን መልሱልኝ።