ጥቆማ፦ ለእናቴ ክንድ ደሴ መመላለስ ይሻላል ወይስ በስልክ?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም የወሎ ልጆች። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስትሮክ ከመታት ሦስት ወር አለፈ። እግሯ ደህና ነው፣ ምርኩዝ ይዛ ጓሮ ትደርሳለች። ግራ እጇ ግን እምቢ አለ። ክንዷን እስከ ደረቷ ታነሳለች፣ ጣቶቿ እንደተጨበጡ ናቸው። ያለነው ኮምቦልቻ ነው። አንዱ አማራጭ ደሴ ፒያሳ ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሦስት ቀን ማመላለስ ነው። ሌላው አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ በቴሌግራም ቪዲዮ እያያት ሊያሠራት። ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ያዞራታል፣ ያስመልሳታል። ለክንድ የቱ ይሻላል? በሞቴ ስለ እግር አትንገሩኝ።

ሆጤ ሰፈር፦
አብሽሪ እህቴ። የአባቴ እግር ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። ጠዋት ጠዋት አስፋልት ላይ ማስኬድ ነው፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ሻይ በቀጭኑ፦
ስለ እግር አትንገሩኝ ያለችው ለአንተ ነበር።

ጢጣ ነኝ፦
እንዳትሸወጂ እኔ ልንገርሽ። አምና ወንድሜን አንድ ቦታ ወሰድነው፣ ስሙን አልጠራም። የአሥር ቀን ቅድሚያ አስከፈሉን። መጀመሪያ እጁ ላይ የኤሌክትሪክ ማሽን ለጥፈው ጥለውት ይወጣሉ። ቀጥለው ከላይ የተሰቀለ ገመድ ያስይዙትና "በደህናው እጅህ ያኛውን ወደ ላይ ሳብ" ይሉታል። በሳምንቱ ትከሻውን ያመው ጀመር፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ቀሪ ገንዘባችን ይመለስ ስንል "ሲስተሙ አይፈቅድም" አሉን። የምን ሲስተም? የጻፉት እኮ ደብተር ላይ ነው!

ገራዶ፦
ደረሰኝ አለህ?

ጢጣ ነኝ፦
ደረሰኝ ቢሰጡን ኖሮ እዚህ ምን አስለፈለፈኝ?

መናፈሻ፦
የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ላክልኝ። አጎቴ ሰኞ ሊጀምር ነው።

ገራዶ፦
ለእኔም።

ሆጤ ሰፈር፦
ለእኔም ላክልኝ። ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ነገር በሕግ መከልከል አለበት።

የልጆቹ እናት፦
ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ከምትንገላቺ ወጌሻ ጋ ውሰጃት። የእኔን ክርን በሁለት ቀን ነው ያቃኑልኝ።

ሻይ በቀጭኑ፦
እትዬ፣ የእርስዎ ክርን ወልቆ ነበር። የእሷ እናት የታመሙት ከጭንቅላት ነው።

የልጆቹ እናት፦
ቢሆንስ? እጅ እጅ ነው።

ነጭ ጋውን፦
ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የራሴ ክሊኒክ የለኝም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስላችሁ። የጢጣው ወንድም ነገር አልገረመኝም። ከስትሮክ በኋላ የትከሻ ጡንቻ ሲላላ ክንዱ ከመጋጠሚያው ዝቅ ብሎ ሊንጠለጠል ይችላል። እንዲህ ያለውን ክንድ በገመድ ወደ ላይ መሳብ ትከሻውን ይጎዳል። ወጌሻ ጎተት ቢያደርገውም ያው ነው። ቤት ውስጥም ታማሚን በዚያ እጅ ይዛችሁ አታስነሱ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። 11 ቦታ ላይ ክንዳቸው የደከመ 124 የስትሮክ ታካሚዎች ተካፈሉ። ግማሾቹ ክሊኒክ ተመላለሱ፣ ግማሾቹ ኮምፒውተር ገብቶላቸው ቤታቸው ሠሩ። ሁሉም 36 ጊዜ ሠሩ፣ እያንዳንዱ 70 ደቂቃ። የክንድ እንቅስቃሴ የሚለካው ከ66 ነው። ክሊኒክ የሄዱት በአማካይ 8.4 ገደማ ነጥብ ጨመሩ፣ ቤት የቀሩት 7.9 ገደማ። ያው በሉት። ግን ልብ በይ፣ ቤት የቀሩትም ከ36ቱ 18ቱን የሠሩት ባለሙያ በቪዲዮ እያያቸው ነው። "ቪዲዮ ልኬልሻለሁ፣ እያየሽ አሠሪያት" ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጠይቂያቸው። በአንድ ቀጠሮ እናቴ ራሷ እጇን የምታንቀሳቅሰው ስንት ደቂቃ ነው? ያን ጊዜ ሁሉ የሚያያትና የሚያርማት አለ? ማሽን ለጥፎ የሚወጣ ከሆነ ደሴም ሆነ ኒውዮርክ ለውጥ የለውም።

የተጨበጠ ጣት ግን በስልክ አይዳሰስም። በቪዲዮ ብትጀምሩም፣ ጣቷንና ትከሻዋን አንድ ሁለቴ በእጁ ነክቶ የሚያይላት ሰው ያስፈልጋታል።

መናፈሻ፦
እናንተ ቪዲዮ ትላላችሁ፣ ኔትወርኩስ? አክስቴን ሞክረንላት ነበር። "እጅዎን ያንሱ" ብሎ ምስሉ ደረቀ። "ያውርዱ" የሚለው እስኪደርስ እጃቸውን አንስተው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቆመው ቀሩ።

ሻይ በቀጭኑ፦
መብራት ሲጠፋ ደግሞ በኩራዝ ይቀጥላል።

ሮቢት ገበያ፦
ጥናት ምናምን ተዉት ባካችሁ። ፒያሳ ያለውን ሰውዬ የሚያህል የለም። እናቴ እሱን ካየች ጀምሮ ፊቷ በርቷል።

ገራዶ፦
እጇስ?

ሮቢት ገበያ፦
እጇ ያው ነው። ሰውየው ግን ወርቅ ነው።

ሆጤ ሰፈር፦
የጎማ ኳስ ስጫትና ትጭመቅ። ርካሽ ነው፣ የትም አለ።

ነጭ ጋውን፦
የእሷ ችግር መጨበጥ አይደለም፣ መክፈት ነው። ኳሱ ይቆይ። ፎጣ ጠረጴዛ ላይ አንጥፊላት፣ የታመመውን እጅ ደህናው ከላይ ይያዘውና ወደ ፊት ወደ ኋላ ትግፋ። ጣቷ ፈታ ማለት ሲጀምር ጥሬ ቡና አምጪላት። አንድ አንድ ፍሬ እያነሳች ስኒ ውስጥ ትጨምር። ትኩስ ጀበና ግን አጠገቧ አይደረግ፣ ያ እጅ ሙቀት ላይሰማው ይችላል። ሞተር ያለው ጓንት ግዙ የሚሏችሁም አሉ። ጓንቱ ጣቷን ቢከፍትና ቢዘጋላትም እሷ ራሷ ካልሞከረች የሚሠራው ጓንቱ ነው።

የቦርከና ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ። የትከሻውን ሳነብ ክው ነው ያልኩት። ባጃጅ ስናሳፍራት በዚያው እጇ ነበር የምንስባት። ማታ ማታ "ትከሻዬን" ስትል ብርድ ነው እንላት ነበር።

ነጭ ጋውን፦
አይዞሽ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ከአሁን በኋላ ከወገቧና ከጀርባዋ ደግፏት። ስትቀመጥም ክንዷ አይንጠልጠል፣ ትራስ ላይ አሳርፉላት።

ጢጣ ነኝ፦
እኔ የምለው፣ ያለ ደረሰኝ መክሰስ ይቻላል?

ገራዶ፦
ምስክር ካለህ ሞክር።

መናፈሻ፦
የቦርከና ልጅ፣ ታዲያ የቱን መረጥሽ?

ሮቢት ገበያ፦
ፒያሳን ነዋ፣ ሌላ ምን አለ?

የቦርከና ልጅ፦
ዛሬ ቡናውን ሞከርን። ከብዙ ትግል በኋላ ሁለት ፍሬ አነሳች። ሦስተኛውን በደህናው እጇ አንስታ ጨመረችና ያላየሁ መስሏት ዝም አለች።

ሆጤ ሰፈር፦
ማሻ አላህ! እግሯስ እንዴት ነው?

ገራዶ፦
በነካ እጃችሁ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ዊልቸር የሚያከራይ የምታውቁ አላችሁ?